መኪናው ዘይት ያንጠባጥባል ሲባል

ከእናንተ መካከል ብዙዎች የዓመታት ድካማችሁን አጠራቅማችሁ ለወንድም፣ ለአባት ወይም ለባለቤት መኪና ገዝታችኋል። አንዳንዷ ሚኒባስ፣ አንዳንዷ አሮጌ ኮሮላ። መኪናው ሠርቶ ቤተሰቡን ያስተዳድራል፣ ትንሽም ይተርፋል በሚል ተስፋ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስልክ ይደወላል። «እትዬ፣ ሞተሩ ዘይት ማፍሰስ ጀምሯል። መካኒኩ ሞተር ይውረድ ብሏል። ገንዘብ ላኪልኝ።» እኅት ደግሞ ከሞተር ነገር የምታውቀው ስለሌለ፣ መኪናው ቆሞ ከሚቀር ብላ የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ ትልካለች። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣነው እንዲህ ያለው ጥያቄ ከቅዳሴ በኋላ በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልን ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ሁሉ የሞተ ሞተር አይደለም። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና ከሥሩ ጥቂት ጠብታ ቢታይ የሚገርም አይደለም። አብዛኛው መፍሰስ የሚመጣው ከአንዲት ጎማ ወይም ከአንዲት ሮንዴላ ሲሆን፣ ሞተር ሳይወርድ በግማሽ ቀን ሥራ ይስተካከላል። ሞተር የሚያስወርድ ችግርም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ግን መካኒክ መሆንን አይጠይቅም፤ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ ይበቃል።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ሸጦ ሌላ መግዛት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም፤ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል።

ዘይቱ ለምን ይወጣል? ሁላችሁም በምትሠሩበት ቤት የፕሬዠር ድስት ታውቃላችሁ። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ አዲስ ሲሆን ለስላሳ ነው፤ እንፋሎት አያሳልፍም። ብዙ ጊዜ ከተቀቀለበት በኋላ ግን ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ በጎኑም ውኃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ድስቱ ተበላሽቷል ብሎ የሚጥል የለም፤ ጎማው ይቀየራል። ሞተርም እንዲሁ ነው። ብረት ከብረት ጋር በሚገጥምበት ሁሉ በመካከል ጋስኬት አለ፤ የሚሽከረከር ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታም መካኒኮች ኦይል ሲል የሚሉት ክብ ጎማ አለ። ሞተሩ በየቀኑ እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ጎማው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል፤ ቡሽ ከሆነም ይሰነጠቃል።

የድስቱ ምሳሌ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምረናል። በክዳኑ ላይ ያለችው እንፋሎት ማስወጫ በምግብ ፍርፋሪ ብትደፈን ጎማው አዲስ ቢሆን እንኳ እንፋሎቱ በጎን ፈንቅሎ ይወጣል። በቤንዚን ሞተር ላይም ፒሲቪ ቫልቭ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ሥራዋ በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጭስና ግፊት አውጥቶ እንደገና እንዲቃጠል መመለስ ነው። በቆሸሸ ዘይት ስትደፈን ውስጡ ግፊት ይበዛና ዘይቱን በየጋስኬቱ ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ጋስኬት መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ያፈሳል። ዕቃዋ ርካሽ ናት። ስትነቀል በእጅ ተይዛ ብትነቀነቅ የምታቃጭል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ናት፤ ዝም ካለች ተደፍናለች። እኛ ቢጠይቁን ከማንኛውም ጋስኬት በፊት እርሷ ትታይ እንላለን። ብዙ መካኒኮች ይህን ይዘነጉታል።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ። መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚፈሰው ነገር በእርግጥ የሞተር ዘይት ነው ወይ የሚለው ነው። መኪናው ሜዳ ቦታ ላይ ሲያድር ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ይነጠፍ፤ የፊት ጎማዎቹ ያሉበት ቦታም ካርቶኑ ላይ ምልክት ይደረግበት። ጠዋት የሚታየው ነጠብጣብ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ በጣት ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ውኃ ውኃ የሚል፣ ሽታውም ጣፈጥ የሚል ከሆነ የራዲያተር ውኃ ነው። ኤር ኮንዲሽነር ያለው መኪና ንጹሕ ውኃ ቢያንጠባጥብ ምንም ችግር የለበትም። ጠብታው በአንዱ ጎማ አጠገብ ሆኖ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናው ሳይታይ መነዳት የለበትም።

የሞተር ዘይት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ምን ያህል ነው የሚለው ይከተላል። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሃያ ያህል ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል። መኪናው በየ10 ደቂቃው አንድ ጠብታ ቢያፈስ በቀን 144 ጠብታ፣ ማለትም 7 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በዚህ አኳኋን አንድ ሊትር ለመጉደል አራት ወር ከግማሽ ያህል ይፈጅበታል። ካርቶኑ ላይ ሲታይ የሚያስደነግጥ ይመስላል እንጂ በየሳምንቱ ዘይቱን እየለኩ ሊነዱት የሚችሉት ነው። በእርግጥ ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ በግፊት ስለሚሄድ ከቆመበት የበለጠ ሊፈስ ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ ካርቶኑ ሳይሆን የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። በብዙ መኪኖች ዘንጉ ላይ ካለው የታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ድረስ አንድ ሊትር ያህል ልዩነት አለ። ወንድማችሁ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘንጉን ጠርጎና መልሶ ከቶ አውጥቶ ይለካ፤ በየሳምንቱም ቀኑንና የመንገድ ቆጣሪውን ቁጥር ይጻፍ። ከአንድ ወር በኋላ ምን ያህል እንደሚጎድል ያለ ክርክር ይታወቃል።

ዘይቱ እየጎደለ ካርቶኑ ላይ ግን ምንም ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚወጣ ከሆነ ዘይቱ በውስጥ እየተቃጠለ ነው፤ ይህ በጋስኬት ለውጥ አይድንም። እንዲሁም የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ከሥሩ ቡና በወተት የሚመስል ወፍራም አረፋ በብዛት ከታየ፣ የራዲያተሩም ውኃ የሚጎድል ከሆነ፣ ውኃና ዘይት ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላልና የቴስታታው ጋስኬት ይመርመር። በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች መካኒኩ ከባድ ሥራ ነው ቢል ምክንያት አለው።

ከየት እንደሚፈስ ለማወቅ ሞተሩ መታጠብ አለበት። ይህ የሚዘለል ነገር አይደለም። ዘይት ከላይ ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይነዳዋል። ስለዚህ ከታች በኩል የረጠበው ቦታ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አይደለም። የሚፈለገው ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀደመው ነው። ሳይታጠብ በዐይን ብቻ «የኋላው ሲል ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ» የተባለ መኪና፣ ሲታጠብ ዘይቱ ከላይ ከክዳኑ እየወረደ ያገኘንበት ጊዜ አለ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዲስትሪቢዩተሩና የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ በፌስታል ተሸፍነው፣ በሞተር ማጠቢያ ሳሙና ወይም ብሩሽ በነጭ ጋዝ ነክሮ ማጽዳት ይቻላል። ነጭ ጋዝ ከሆነ እሳት፣ ሲጋራም ቢሆን፣ አጠገቡ አይድረስ፤ ሳይደርቅም ሞተሩ አይነሣ። ከዚያ በተጠረጠረው ቦታ ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስነስ ተደርጎ ሩብ ሰዓት ያህል ይነዳ። ዘይቱ በነጩ ፓውደር ላይ መንገዱን ራሱ ይጽፋል።

በአሮጌ ኮሮላ ላይ ከሁሉ በላይ የተለመደው የቴስታታው ክዳን ጋስኬት ነው። ለቤተ ክርስቲያናችን አገልግሎት የሚውለውም በፈረንጆች 1994 የተሠራ ኮሮላ ስለሆነ ይህን በቅርብ እናውቀዋለን። ምልክቱ በክዳኑ ዙሪያ የረጠበ አቧራ መታየቱ፣ አንዳንዴም ዘይቱ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ የሚሰማው የተቃጠለ ሽታ ነው። ይህ ሽታ ከመጣ ሥራው አይዘግይ፤ በጋለ ብረት ላይ የሚፈስ ዘይት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በብዙዎቹ የኮሮላ ሞተሮች ካንዴላዎቹ በክዳኑ መካከል በሚያልፉ ጉድጓዶች ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ የጉድጓዶቹ ጎማ ሲደርቅ ካንዴላው በዘይት ይዋጣል፤ ሞተሩም መንተባተብ ይጀምራል። ስለዚህ ጋስኬቱ ሲገዛ የካንዴላ ጉድጓዶቹ ጎማዎችም አብረው ይገዙ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። የካንዴላ ገመዶቹ ተራቸው እንዳይምታታ ቁጥር ተጽፎባቸው ይነቀሉ። ዳዶዎቹ ተፈትተው ክዳኑ ቀስ ተብሎ ይነሣል፤ ከተጣበቀ በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ጎኑን መታ መታ ማድረግ እንጂ በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይገባም። ቴስታታው አሉሚኒየም ነውና አንዴ ከተጫረ በዚያ ጭረት ዘይት ሲያፈስ ይኖራል። አሮጌው ጋስኬትና የደረቀው ሲሊኮን በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቃል፤ ሁለቱም ገጾች ዘይት እስከማይነካቸው ድረስ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋሉ፤ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። አዲሱ የጎማ ጋስኬት በክዳኑ ቦይ ውስጥ ደረቁን ይቀመጣል። ሲሊኮን የሚያስፈልገው በማእዘኖቹ ላይ፣ አንዳንድ ሞተሮች ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጎማ ባላቸው ቦታ፣ የስንዴ ቅንጣት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ዳዶዎቹ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለትና በሦስት ዙር፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ይጠብቃሉ። የሚፈልጉት ኃይል ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው፤ በአጭር መፍቻ በእጅ አንጓ ጉልበት ብቻ እንደ ማለት ነው። «ደኅና አድርጌ ላጥብቀው» ብሎ በሙሉ ክንድ የሚጎትት ሰው ጋስኬቱን ይሰነጥቀዋል፣ ወይም ቡሎኑን ይበጥሰዋል።

ስለ ሲሊኮን ጥቂት መቆየት ይገባናል። በየጋራዡ ከጋስኬት ይልቅ ቱቦ ሲሊኮን ጨምቆ ክዳኑን መግጠም የተለመደ ሆኗል። ከውጭ ሲታይ ያማረና የታሸገ ይመስላል። ነገር ግን በውጭ ተርፎ የሚታየውን ያህል በውስጥም ተርፏል። ያ ትርፍ እንደ ክር እየተበጣጠሰ ከዘይቱ ጋር ወደ ታች ይወርድና የዘይት ፓምፑን ማጥለያ ወንፊት ይደፍነዋል። ወንፊቱ ከተደፈነ ዘይት ወደ ላይ አይወጣም፤ በጥቂት ደቂቃም ኩሽኔታው ይበላል። ለአንዲት ጋስኬት የተቆጠበው ገንዘብ ሞተሩን ያስወርዳል። ጋስኬት በተሠራለት ቦታ ጋስኬት ይግባ። ፋብሪካው ራሱ በሲሊኮን የሚያሽገው ቦታ አለ፤ ለምሳሌ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ከታች ያለው የዘይት ገንዳ። እዚያም ቢሆን በቀጭኑ ተቀብቶ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ሳያልፍ ዘይት አይሞላም።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። የዘይት ማውረጃው ቡሎን የሚያንጠባጥበው አብዛኛውን ጊዜ ሮንዴላው ስላረጀ ነው፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይለወጥ፤ ዋጋው ከአንድ ሻይ ብዙ የሚበልጥ አይደለም። ዘይትና ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ በዚያው ቀን ብዙ ዘይት መፍሰስ ከጀመረ፣ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ዲስትሪቢዩተሩ ከቴስታታው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ኦሪንግ የሚባል ቀለበት ጎማ አለ፤ በአሮጌ ኮሮላ ላይ ሲደርቅ በጎን በኩል ያፈሳል፤ ለመቀየር ቀላል ነው፤ ዲስትሪቢዩተሩ ከመነቀሉ በፊት ግን አቀማመጡ ምልክት ይደረግበት። የዘይት ግፊት መለኪያዋ ትንሽ ዕቃም ታፈሳለች፤ እርሷም በአንድ መፍቻ ትቀየራለች። የናፍጣ ሚኒባስ ያላችሁ ደግሞ በተለይ በአሮጌዎቹ የሃይስ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ የፍሬን ማገዣ ፓምፕ አለ፤ ዘይት የሚያመላልሱ የጎማ ቱቦዎቹ ሲሰነጠቁ ሞተሩን በሙሉ በዘይት ያለብሱታል። ቱቦ መቀየር ሲበቃ ሞተር ፈርሷል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ዘይት ከላይኛው ምልክት በላይ የሚሞላ ሰውም አለ፤ ትርፉ አረፋ ይሠራል፣ ግፊት ይጨምራል፣ በየጎማው ይወጣል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው የተረፈውን ማውረድ ነው።

አሁን ካምቢዮ ወደሚያስወርደው እንምጣ። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የኋላ ኦይል ሲል ሲያፈስ ጠብታው ከሁለቱ መገጣጠሚያ ሥር ይታያል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውድ የሚያደርገው የእጅ ዋጋው ነው፤ ካምቢዮው ሳይወርድ አይደረስበትምና። መፍሰሱ ትንሽ ከሆነ እያዩ መቆየት ይቻላል። ዘይቱ ፍሪሲዮኑን ነክቶ መኪናው ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ የማይጎትት ከሆነ ግን ጊዜው ደርሷል። ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮን ሲቀየር ካምቢዮው መውረዱ ስለማይቀር በዚያው ቀን ኦይል ሲሉ አብሮ ይቀየር። በፊት በኩል ያሉት ሲሎችም እንዲሁ የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር አብረው ቢቀየሩ ሁለተኛ የእጅ ዋጋ አይከፈልም። ወንድማችሁ ባለፈው ወር ፍሪሲዮን አስቀይሮ ዘንድሮ «የኋላ ሲል» ካለ፣ ያኔ ለምን አብሮ እንዳልተቀየረ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በጠርሙስ ስለሚሸጡት የመፍሰስ ማቆሚያ መድኃኒቶችም ትጠይቁናላችሁ። እነዚህ የደረቀውን ጎማ ትንሽ የሚያለሰልሱና የሚያሳብጡ ናቸው። የኋላው ሲል በጥቂቱ ሲያረጥብ አንዳንዴ ጊዜ ይገዛሉ። የተሰነጠቀ ጋስኬት ግን አይሰፉም። ስለዚህ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት አንድ ጊዜ መሞከር ነውር የለውም፤ የክዳን ጋስኬት ለመቀየር ስንፍና ሲባል መጨመር ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

እናንተ ከሩቅ ሆናችሁ ይህን ሁሉ እንዴት ትከታተላላችሁ? ገንዘብ ከመላክ በፊት ሦስት ነገር በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ይላክላችሁ፦ የዘይት መለኪያው ዘንግ ፎቶ፣ ያደረበት ካርቶን ፎቶ፣ ሞተሩ ታጥቦ ከተነዳ በኋላ የሚረጥበው ቦታ ቪዲዮ። «ወንድምዬ፣ አላመንኩህም ማለቴ አይደለም፤ መካኒኩን ለማነጋገር እንዲመቸን ነው» ብትሉት አይከፋም። የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለያይቶ ይነገራችሁ፤ ሁለተኛ መካኒክም ይይ። ሥራው ካለቀ በኋላ የወጣው አሮጌ ጋስኬት ይመለስ፤ ደርቆ እንደ እንጨት የሚሰበር ከሆነ በእርግጥ ተቀይሯል። ጋስኬት ቀላል ዕቃ ስለሆነ እናንተ ካላችሁበት አገር ገዝታችሁ በሚሄድ ሰው መላክም ትችላላችሁ፤ ለዚህ የመኪናው ሻንሲ ቁጥርና ሞተሩ ላይ የተጻፈው የሞተር ዓይነት በፎቶ ያስፈልጋችኋል፤ ያለ እነርሱ የተገዛ ጋስኬት ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሲላክም እንዳይታጠፍ በጠንካራ ካርቶን መካከል ይደረግ።

ለሚሠራውም ሰው አንድ ቃል አስተላልፉልን። ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው በክሪክ ብቻ አይታመን፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይደረግ፣ ጎማዎቹም በድንጋይ ይታገቱ። ቀይዋ የዘይት መብራት እየነዱ ከበራች ጋራዥ እስኪደርሱ አይባልም፤ ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው። ከጥገናው በኋላ በየስርቻው የቀረው አሮጌ ዘይት ለጥቂት ቀናት ሊንጠባጠብ ስለሚችል ወዲያው አልተሠራም ብሎ መጣላት አያስፈልግም። ሞተሩ እንደገና ይታጠብ፣ ከሳምንት በኋላ ካርቶኑ ይነጠፍ፣ ጠዋት ፎቶው ይላክላችሁ።